አንዴ ብቻ የጠየቀው ተቆጣጣሪ

አገር ቤት ሳለሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ይህን የማነሳው ለመኩራራት አይደለም፤ ጥፋቴ ከዚያ ስለሚጀምር ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ቶሮንቶ ስገባ ያገኘሁት ሥራ መኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ትኬት መስጠት ነበር። በሐበሻው ዘንድ ግን አሁንም አስተማሪ ነኝ። ሐኪም ቤት የሚሄደው፣ ኢሚግሬሽን የተጠራው፣ ከአከራዩ የተጣላው ሁሉ እኔን አስከትሎ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጬ ቀና ብሎ የሚያየኝ ሰው ሳላገኝ ስለምውል፣ «ያለ አንተ አይሆንም» ሲሉኝ ደረቴ ይነፋ ነበር።

የምኖረው ዌስተን በሚባል ሰፈር፣ ከወንዙ በላይ ባለው አፋፍ ላይ በቆመ ረጅም ሕንፃ ውስጥ፣ አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ነበር። ሕንፃውን የሚጠብቀውና የሚጠግነው ሰው፣ ሁላችንም ሱፐር የምንለው፣ እዚያው ሰፈር ተወልዶ ያረጀ ፈረንጅ ነው። ሊፍት ስንጠብቅ የሚያወራኝ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከደቡብ ባሕር ተነሥቶ እዚህ ድረስ ስለ ዘለቀው አውሎ ነፋስ። ያኔ ወንዙ ሞልቶ ከታች የነበረውን መንገድ ከነቤቱ ከነሰዉ ወስዶታል። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሸለቆው ውስጥ ቤት እንዳይሠራ ከለከለ፤ ቦታውን ሣር አለበሰውና አሁን ሰው ውሻውን ያንሸራሽርበታል። «ውሃውን በሕግ አስቆሙት፤ ነፋሱ ግን ሕግ አያነብም» ይል ነበር ሱፐሩ። ጥሩ አባባል ስለ መሰለኝ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁት። ነገሩ እኛን ይመለከታል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ከእኔ ሁለት በር አልፎ አንዲት ሴት ይኖሩ ነበር። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኔም እትዬ እንጂ በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም። ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። መሐል ከተማ ባለ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የወንድ ኮት እጅጌ ይገጥማሉ። ከስፌት ሁሉ የከበደው እሱ ነው ይላሉ፤ እጅጌው ትከሻው ላይ ሳይጨማደድ እንዲቀመጥ ዓይን አይበቃም፣ ጣት ማወቅ አለበት። መርፌ የያዙት በልጅነታቸው ስለሆነ ጣታቸው ያውቃል። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ አለቃቸው ግን ሌላው ያበላሸውን ኮት ሁሉ ለእሳቸው ነው የሚያመጣው። ይህን ሲነግሩኝ ፈገግታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍኑ ነበር።

የሳሎናቸው መስኮት የሚያየው ወደ ወንዙ ነው። ትልቅ ነው፤ ከጉልበት ተነሥቶ ጣራ ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው። የአሉሚኒየሙ ፍሬም ከታች በኩል ከግድግዳው ለቋል። ነፋስ በመጣ ቁጥር መስታወቱ ከነፍሬሙ ገባ ወጣ ይላል፤ እጅ ቢያስቀምጡበት የሚተነፍስ ነው የሚመስለው። እትዬ ክፍተቱን ከፋብሪካ ባመጡት ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቀውታል። ለሱፐሩ ሦስት ጊዜ አስነግረውኛል። አንዴ መጥቶ በሰፊ ፕላስተር ለጠፈው፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ «ለኦፊሱ ነግሬያለሁ» አለ። ኦፊሱ የት እንዳለ እሱም አያውቅም። የሕንፃው ባለቤት ኩባንያ ነው፤ ኩባንያው ስም እንኳ የለውም፣ የሚጠራው በቁጥር ነው።

በዚያ ዓመት ግንቦት ማለቂያ ላይ ከከተማው በስተ ሰሜን አውሎ ነፋስ ወርዶ ቤት ገለባበጠ፣ ሰውም ገደለ። ቴሌቪዥኑ ጣራ የሌለው ቤት ሲያሳይ ሰነበተ። ባለሥልጣኖቹም እየወጡ ቤቶቹ በደንብ ተሠርተው ነበር ወይ፣ ሲሠሩስ ማን አያቸው ተባባሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በየበራችን ሥር ወረቀት ገባ። የሕንፃ ቁጥጥር ሰው መጥቶ መስኮትና በረንዳ ያያል ይላል። እትዬ ወረቀቱን ይዘው እኔ ዘንድ መጡ፤ አነበብኩላቸው።

«ኢንስፔክተር ማለት የመንግሥት ሰው ናቸው?»

«አዎ፣ የመንግሥት ነው።»

«ከላንድሎርዱ ጋር አይገናኙም?»

«እንዲያውም ላንድሎርዱን የሚያዝ እሱ ነው» አልኳቸው።

ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አመሰገኑ። «ሳንጠራው ራሱ መጣልን» አሉ። «መንግሥት ማለት እንዲህ ነው።»

በቀጠሮው ቀን ክራቫት አስሬ ሄድኩ። ቤታቸው ስገባ ደነገጥኩ። ወለሉ ታጥቦና ተወልውሎ ያበራል። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ሻይ በቀረፋ ፈልቷል፤ ድፎ ዳቦ ተቆርሷል። መስኮቱ ላይ ራሳቸው የሰፉት አዲስ መጋረጃ ተሰቅሏል። ከጀርባው ስመለከት ፕላስተሩ ተልጦ፣ ሙጫው ሳይቀር ተፍቋል። ክፍተቱ ውስጥ የነበረው ጨርቅም የለም።

«እትዬ፣ ጨርቁን ምን አደረጉት?»

«አነሣሁት እንጂ። የመንግሥት ሰው ሲመጡ እራፊ ተጠቅጥቆ ይጠብቃቸው? ምን ዓይነት ሴት ናት ይበሉኝ?»

«እሱ የሚመጣው እኮ እራፊውን ሊያይ ነው።»

«እነግራቸው የለ በአፌ።»

ነገሩ ልክ መሰለኝ። እኔም ያደግሁት እንግዳ ሲመጣ የተቀደደው ምንጣፍ በሚገለበጥበት ቤት ነው።

ተቆጣጣሪው ጎልማሳ፣ ለስላሳ፣ ወረቀቱን በሰሌዳ ላይ ቆንጥጦ የያዘ ሰው ነበር። የወለሉን ጽዳት አይቶ በከባድ ጫማው መርገጥ ስላሳቀቀው በጫማው ጫፍ ነበር የገባው። ቀኑ ፀጥ ያለ ነው፤ ከታች ከወንዙ ዳር ያሉት ዛፎች ቅጠላቸው አይንቀሳቀስም። መጋረጃውን በአንድ ጣቱ ገለጥ አድርጎ ከሁለት እርምጃ ርቀት መስኮቱን አየው፤ መጋረጃው ያምራል አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ መስኮቶቹ እንዴት ናቸው፣ ችግር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ለእትዬ ነገርኳቸው።

እትዬ ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ምንም አይሉ፣ ደህና ናቸው» አሉ።

እኛ ዘንድ የመጀመሪያው መልስ መልስ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ያመመውም ሰው፣ ቤቱ የፈረሰበትም ሰው፣ እንዴት ነህ ሲባል ደህና ነኝ ነው የሚለው። ጠያቂው «ግድ የለም፣ ይንገሩኝ እንጂ» ብሎ ሲመለስበት ነው «እንዲያው ትንሽ…» ብሎ የሚጀምረው። ገና ከመጀመሪያው ችግሩን የሚዘረግፍ ወይ ሕፃን ነው ወይ አሳዳጊ የበደለው። እትዬ ደህና ናቸው ሲሉ ወሬውን መክፈታቸው ነበር እንጂ መዝጋታቸው አልነበረም። ይህን እኔ አውቃለሁ። ግን ትርጉም ማለት የተባለውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማድረስ ነው ብዬ ለስንት ልጅ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኖ ፕሮብሌም ነው የሚሉት» ብዬ በጥሩ እንግሊዝኛ አደረስኩ። አንድ ቃል አልጎደለም።

የሰውየው ፊት በራ። ከጠዋት ጀምሮ በየቤቱ ሲጮሁበት የዋለ ሳይሆን አይቀርም። ወረቀቱ ላይ አንዲት መስመር ጻፈ፤ አስተርጓሚ የሚለው ቦታ ላይ እንድፈርም ሰጠኝ፤ ፈረምኩ። ሻዩን ሳይቀምስ አመስግኖ ወጣ። እትዬ ብርጭቆውን እንደያዙ ቀሩ።

«ሄዱ እንዴ?»

«ሄደ።»

«ገና ምኑን ነገርኳቸው?» አሉ።

ብሮጥ እደርስበት ነበር። የእኛ ሊፍት ሲመጣ አንድ ዳዊት ይደገማል። አልሮጥኩም። ለምን እንዳልሮጥኩ ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ፤ መልሱ አያምርም። አሁን ደህና ነው ብዬ የተረጎምኩትን፣ ወጥቼ ደህና አይደለም ማለት አሳፈረኝ። ሰውየው የኔን እንግሊዝኛ እንዳይጠረጥር ፈራሁ። «ተመልሶ ይመጣል» አልኳቸውና ተቀምጬ ዳቦውን በላሁ።

በሳምንቱ ግን ሕሊናዬ አላስቀምጥ ቢለኝ ወደ ሕንፃ ቁጥጥሩ ቢሮ ኮል አደረግሁ። ያነሣችው ሴት ያ ሕንፃ ታይቶ አልቋል፣ አዲስ አቤቱታ ካለ በጽሑፍ ይቅረብ አለችኝ። ልጽፍ አሰብኩ፤ ለእትዬም ነገርኳቸው። ከዚያ ሙቀቱ ገባ፣ ነፋሱ ጠፋ፣ የተረፈኝን ሰዓት ሁሉ እንቅልፍ ወሰደው። እትዬም ጨርቁን መልሰው ጠቀጠቁት። አንድም ቀን ደብዳቤው የት ደረሰ ብለው አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝ ኖሮ እጽፍ ነበር ብዬ ራሴን አታልላለሁ።

ቅጠል መርገፍ በጀመረ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ሬዲዮው የደቡቡ አውሎ ነፋስ ጭራ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል አለ። ጭራ መሆኑን ሰምተን ናቅነው። ስምንት ሰዓት ላይ ሕንፃው ሲወዛወዝ ተሰማኝ፤ ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ እንኳ ይንቦጫቦጫል። ቀጥሎ ከእትዬ ቤት በኩል አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። በራቸው አልተቆለፈም ነበር። ሳሎናቸው ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። መስኮቱ ከነፍሬሙ ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸውን በዚያው በሰፉት መጋረጃ ጠቅልለውታል፤ መጋረጃው ደም ጠጥቷል።

«ጨርቁን ልጠቀጥቅ ብዬ ነው» አሉኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

ሐኪሙ የሁለት ጣት ጅማት ተቆርጧል አለ። ሰፋው፤ ቁስሉ ዳነ፤ አመልካች ጣታቸውና የመሐል ጣታቸው ግን እንዳይታጠፉ ሆነው ቀሩ። ይህንንም የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ። «እጅጌ ይገጥማል ወይ በልልኝ» አሉ። ሐኪሙ እጅጌ መግጠም ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ሳስረዳው ራሱን ነቀነቀ፣ ለቀላል ሥራ ግን ይሆናል አለ። ፋብሪካው ጥቂት ጠብቆ ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው አስቀመጠ።

ከዚያ በቁጥር ከሚጠራው ኩባንያ ደብዳቤ መጣ። መስኮቱ የተገነጠለው ተከራይዋ በማዕበል ሰዓት ከፍታው በመተዋ፣ ማለት በራሷ ቸልተኝነት ነው ይላል። ሳነብላቸው መጀመሪያ የተሳሳትኩ መሰላቸው። ደግሜ አነበብኩ። እጃቸው ሲቆረጥ ያላለቀሱ ሴት ያን ቀን አለቀሱ። «በልጅነቴ ክር ስበጥስ እንኳ ስፌት ያስተማሩኝ ሰዎች ተቆጥተውኝ አያውቁም» አሉ። «ቸልተኛ? እኔ?» ዓይናቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ጣቴን ማንም አይመልስልኝም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም የሚል ወረቀት ግን ከመንግሥት አምጣልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ቢሮው ሄጄ ፋይሉን አስወጣሁ። አንዲት መስመር ናት። መስኮት፣ በዓይን ታይቷል፤ ተከራይ ችግር የለም ብላለች። ተቆጣጣሪው ከሥሩ የስሙን ሁለት ፊደል ጫር አድርጓል። ከጎኑ ደግሞ የእኔ ስም ከነአባቴ፣ በዚያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በለመድኩት ውብ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እዚህ አገር ደግሞ ፋይል ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቢሮ ወደ ሌላ ላኩኝ፤ ሌላውም ሕንፃ አይደለም የምናየው ኪራይ ነው ብሎ ወደ ሦስተኛ ላከኝ። ሦስተኛው መልሶ ወደ መጀመሪያው። በመጨረሻ የቁጥጥር ሥራውን የሚያይ ኮሚቴ አለ፣ ማንም ሰው ቀርቦ መናገር ይችላል ተባልኩ።

ለእትዬ ስነግራቸው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሉ።

«እሱ አገር ቤት ነው» አልኳቸው። «እዚህ ንጉሡን ሲከሱት ወንበር ይስባል።»

እውነቴን ነበር። ወንበር ሳቡልን፣ ውሃም ቀዱልን። አምስት ሆነው ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢዋ ነጭ ፀጉር ያላት ደግ የምትመስል ሴት ናት። ተቆጣጣሪውም ጥግ ላይ አለ። እኔ የቤት ሥራውን እንደሠራ ተማሪ የጻፍኩትን አነበብኩ። ስጨርስ ሰብሳቢዋ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው ወይ አለችኝ። ነው አልኩ። ሴትየዋ ችግር የለም ብለዋል? ብለዋል። ታዲያ በትክክል ነው የተረጎሙት?

በትክክል ነው ብል፣ መንግሥት የተባለውን ጽፏልና ጥፋት የለበትም። ተሳስቻለሁ ብል፣ ጥፋቱ የእኔ ነውና መንግሥት አሁንም የለበትም። በሁለቱም በር ሲወጣ ታየኝ። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ማስረዳት ያዝኩ። በእኛ ባህል መጀመሪያ ደህና ነው ይባላል፣ ደግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል አልኩ። አንደኛው የኮሚቴ አባል ከልቡ እየሰማ ነበር። በጣም የሚገርም ባህል ነው አለና ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ተናደድኩ። ወደ ተቆጣጣሪው ዞሬ፣ የሰውየው ጥፋት እንደ እኔው ትንሽ መሆኑን እያወቅሁ፣ «መስኮቱን በእጅህ ብትገፋው ምን ነበረበት?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ቅጹ ላይ መታየቱን የሚጠይቅ ቦታ አለ፣ መገፋቱን የሚጠይቅ የለም አለ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ቤቱ ገብቶ እንዳሰበበት አውቃለሁ። ሰብሳቢዋ ግን ቅጹን የሚያወጣው ሌላ ክፍል መሆኑን አስታወሰችን።

ብዙም አልቆዩ። ቁጥጥሩ በደንቡ መሠረት ተካሂዷል፣ በሴትየዋ ላይ ስለ ደረሰው ጉዳት ኮሚቴው ያዝናል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል ተባለ። ስለመጣችሁ እናመሰግናለን አሉን።

እትዬ ከጎኔ ተቀምጠው የተናጋሪውን ሁሉ አፍ ሲከተሉ ነበር። ያዝናል የምትለዋን ሰብሳቢዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ስለተናገረቻት ፊታቸው ተፈትቷል። «ምን አሉ?» አሉኝ።

ያን ቀን ያለሁበትን ሁኔታ ለማንም አልመኝም። ሳልጨምር ሳልቀንስ ተርጉሜ ያመጣሁት ይኸው ተቀምጧል፤ ሁለት የማይታጠፍ ጣት ነጠላ ሥር ተደብቋል። አሁንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገራቸው? አልቻልኩም።

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም አሉ» አልኳቸው። «ወረቀቱን በፖስታ እንልክላቸዋለን ብለዋል።»

ተነሥተው ለአምስቱም አንድ በአንድ እጅ ነሱ። አምስቱም ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በማግስቱ ከደብዳቤ ሣጥኑ ፊት ቆመው አገኘኋቸው። በሦስተኛው ቀንም። በኋላ ፖስተኛው የሚመጣበትን ሰዓት ሱፐሩን በምልክት ጠይቀው ስላወቁ በዚያ ሰዓት ይወርዱ ጀመር። ሲያገኙኝ አይወቅሱኝም። «ሥራ ይበዛባቸዋል» ይሉኛል፣ ወይም «በረዶው መንገድ ዘግቶ ይሆናል»። አንድ ቀን ወረቀቱን ራሴ በታይፕ ልጽፈው ተነሣሁ። ማኅተም ከየት ላምጣ? ከማኅተሙም በላይ ድፍረቱ አልነበረኝም። እንደገና ኮሚቴው ፊት ልቅረብ፣ ጋዜጣ ላይ ልጻፍ እያልኩ ለራሴ እፎክራለሁ፤ ግን ብጮህ ውሸቴ ይወጣል። እሳቸውን ላለማሳዘን ብዬ የተናገርኩት ቃል የእኔን አፍ ዘጋው። መንግሥት ከእኔ የተሻለ ጠበቃ አላገኘም።

መስኮቱን ኩባንያው በአዲስ ተካው። ጠንካራ ነው፤ አንድ ቀን ገፍቼ አይቼዋለሁ፣ አይነቃነቅም።

በዓመት ተኩሉ እትዬ ቤቱን ለቀው ከአንዲት የቤተ ክርስቲያን ወዳጃቸው ጋር ሊኖሩ ጄን ኤንድ ፊንች ወደሚባለው ሰፈር ሄዱ። ዕቃቸው ትንሽ ስለነበር በአንድ መኪና አለቀ። ሊሄዱ ሲሉ ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። አዲሱ አድራሻቸው ነው፤ በግራ እጃቸው ስለጻፉት ቁጥሮቹ ወዲያና ወዲህ ተጋድመዋል።

«ላንተ አይደለም» አሉኝ። «ለመንግሥት ሰዎቹ ስጥልኝ። ወረቀቱን እዚህ ልከውት እንዳይጠፋ።»

እሺ አልኳቸው። በሳምንቱ ደውለው ሰጠህልኝ ወይ ሲሉኝ፣ ሰጥቻለሁ አልኳቸው።